የታሰረችው አገልጋይ

ሽማግሌውን መጀመሪያ ያየናቸው ቀን ግማሾቻችን በአማርኛ ነው ሰላም ያልናቸው። ጥፋታችን አልነበረም። ጠይም፣ ረጅም፣ ጸጉራቸው ነጭ፣ ኮታቸው እስከ ላይ የተቆለፈ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በር ላይ የቆሙ ሰው ነበሩ። አንዷ እናት «የጎንደር ሰው ናቸው» ብላ ወስና ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። እሳቸው ግን ሉዊዚያና ተወልደው ኦክላንድ የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንከራየው የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። በር ይከፍቱልናል፣ ማሞቂያውን ያበሩልናል፣ ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል የማይገባቸውን ስብከት በትዕግሥት ያዳምጣሉ። ስናበቃ ይዘጋሉ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ናዝሬት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ሚልፒታስ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ገብቼ ቦርድ ላይ ከምስር ያነሱ ነገሮች እበይዳለሁ። ጠዋት ከኦክላንድ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከፍሪሞንት ሚልፒታስ በአውቶቡስ። ቀኑን ሙሉ ከእኔ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚፈልግ ሰው የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንድተረጉም ሲመድቡኝ እንደ ሹመት ነበር የቆጠርኩት። ሰዉም «ቲቸር» ይለኝ ነበር። በትርጉም ላይ ግትር ነኝ፤ ሰው ያላለውን አልጨምርም፣ ያለውን አልቀንስም። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ይኸው አመሌ ነው፤ እስካሁንም አላፍርበትም።

አንድ እሑድ መሪያችን እኒህን ሰው ዝም ብለን ማለፋችን ከበደው መሰለኝ፣ ከመዝሙሩ በኋላ ወደ መድረክ ጠራቸው።

«በራችንን የሚከፍቱልን አባታችን ናቸው» አለ። «እስቲ ስለ አገልግሎትዎ ጥቂት ያካፍሉን።»

አገልግሎት የሚለው ቃል በእኛ ጉባኤ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። የሚሰብከው አገልጋይ ነው፣ የሚዘምረው አገልጋይ ነው፣ ወንበር የሚደረድረውም አገልጋይ ነው። «አገልግሎት አለብኝ» ያለ ሰው ከወንድሙ ሠርግ ቢቀር ማንም አይቀየመውም። እኔ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ያገኘሁት ሰርቪስ የሚለውን ነው። ስለ ሰርቪስዎ ይንገሩን አልኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ ላለ የኦክላንድ ሰው ደግሞ ሰርቪስ ማለት ውትድርና ነው። ሽማግሌው ባሕረኛ ነበሩ። ስለ አገልግሎትዎ ይንገሩን ሲባሉ ስለ መርከባቸው የተጠየቁ መሰላቸው፤ መሪያችን ደግሞ ነፍስ ስለማዳን የጠየቀ መሰለው። መሀል ላይ እኔ አለሁ።

ማይኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መጀመሪያ የመርከቧን ስም ጠሩ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የሴት ስም የሚመስል፣ አያት ላይ የሚያምር ስም ነው። መርከብ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ለምን ይወጣል? ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ እናቴ ሰው ነበረች ብሎ አይጀምርም። ቀስ እያሉ፣ እኔን እየጠበቁ ተናገሩ፤ እኔም አንዲት ቃል ሳልጥል ተረጎምኩ።

«ከእሷ ጋር ያገለገልኩት ገና ወጣት ሳለሁ ነው። ጃፓን ወሰደችኝ፣ ኮርያ ወሰደችኝ። የምትሸከመው ለጉድ ነበር፤ ስትሸከም ግን አታማርርም። ከቤቱ የተሰደደ ሰው ባሕር ዳር ተኮልኩሎ ባገኘች ጊዜ አስገብታ አብልታለች። አንድ ጊዜ አሰናበቷት፣ እንደገና ጠሯት፣ እንደገና አሰናበቷት። አሁን እላይ፣ በወንዙ በኩል ታስራለች። በቅርቡ ወደ ቴክሳስ ወስደው ያጠፏታል ይላሉ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ባያት ደስ ይለኛል።»

«ታስራለች» ስል በእናቶች በኩል ትንፋሽ ሲያዝ ተሰማኝ። «ቴክሳስ» ስል ለቅሶው ጀመረ። ቴክሳስ ውስጥ እስረኛ ምን እንደሚደረግ በዜና ያልሰማ ሰው አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለች፣ ስደተኛ ያበላች እህት እስር ቤት ሆና ሞቷን እየጠበቀች ነው ብለው ተረዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነው የተረዳሁት። ግን መርከብ መሆኗን ባውቅስ ምን ሌላ ቃል ነበረኝ? ጀልባ ይታሰራል፣ በሬ ይታሰራል፣ ሰውም ይታሰራል። እንግሊዝኛው ታስራለች አለ፣ እኔም ታስራለች አልኩ። ዛሬም ብጠየቅ አልለውጠውም።

መሪያችን ጉባኤውን አስነሥቶ ጸለየላት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከልቅሶው ላይ መንቀል አቃታቸው። ሰው ከተበተነ በኋላ ክንዴን ያዝ አድርገው «ይህን ያህል የሚገባው ሰው አግኝቼ አላውቅም» አሉኝ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል፤ ያለችበት ቦታ ደግሞ በአውቶቡስ አይደረስም። አትላንታ ያለችው ልጃቸው በስልክ ሲያነሡባት «ዳዲ፣ እርሳት በቃ» ትላቸዋለች። ልጅቷ በአባቷ የድሮ ወዳጅ ቀንታ ነው ብዬ ገመትኩ፤ በሆዴም ታዘብኳት። «ሳላያት እንዳይወስዷት ብቻ ነው የምፈራው» አሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ከእናቶቹ ሁሉ ታላቋን እማማ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ ብዙ ዘመን ታስረው ነበርና እማማ እስረኛ መጠየቅን እንደ ሙያ ያውቁታል። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ስልኩ ጠራ።

«ቲቸር፣ ቪዚቱ በአፖይንትመንት ነው ወይስ ዝም ብሎ ይገባል?»

«አላውቅም እማማ።»

«ኮል አድርግና ጠይቃ። ሹራብ ይፈቅዱ እንደሆነም ጠይቅልኝ። ሳይዟ ስንት ነው?»

«እማማ፣ እኔ እንኳን ሳይዟን መልኳንም አላውቅ።»

«ላርጅ እገዛለሁ። አሮጊት ናት፣ ላርጅ ይበቃታል።»

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ቫን የሽማግሌው ቤት በር ላይ ቆመ። እማማና አራት እናቶች ወረዱ። ድፎ ዳቦ አለ፣ ጭኮ አለ፣ ቆሎ አለ፣ በፎይል የተጠቀለለ ዶሮ አለ፤ የሹራቡ ከረጢት በእማማ ብብት ነው። ሽማግሌው እናቶች ስለ እሷ ሊያነጋግሯቸው፣ ከዚያም እሷ ወዳለችበት ሊወስዷቸው እንደሚመጡ ነግሬያቸው ስለነበር ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቁን። የምግቡን ብዛት ሲያዩ ተደናገጡ፤ ቢሆንም ወንበር አቀረቡ። እናቶቹ ፊታቸውን የሐዘን ቤት ፊት አድርገው ተቀመጡ።

«አይዞዎት በላቸው» አሉ እማማ። «ይግባኝ የለውም ወይ? ብለህ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሕር ኃይሉ አንዴ ከሰረዛት አበቃ፤ የሚመልሳት የለም» አሉ።

«ባሕር ኃይል ምን አገባው?» አሉ እማማ።

ይህን በጨዋ እንግሊዝኛ እንዴት እንደማቀርበው ሳሰላስል ሽማግሌው ተነሥተው ከግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አወረዱና እማማ ጭን ላይ አኖሩት። «ይቺ ናት» አሉ።

እማማ መነጽራቸውን አጠለቁ። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ፈለጉ። ፎቶው ላይ የአንድ መርከብ ጀርባ ላይ የተሰለፉ ነጭ ለባሽ ወጣቶች ናቸው ያሉት። ፎቶው ወደሌሎቹ እናቶች ተላለፈ፤ እነሱም አጥብቀው ፈለጉ።

«ሁሉም ወንድ ነው እኮ» አሉ እማማ። «የቷ ናት?»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ከፎቶው አንድ ጫፍ አንሥተው እስከ ሌላው ጫፍ ሳቡት።

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፈረንጅ መርከብን እሷ እንደሚል በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ ያስተማርኩ፣ ፈተና ላይም ያወጣሁ ሰው ነኝ። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ማስረዳቱ የእኔ ሥራ ነበርና ለእናቶቹ በአማርኛ፣ ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ ነገሩን ከሥሩ ፈታሁት። አንዷ እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ሳቋን አጋለጣት። ሽማግሌው አልሳቁም። ፎቶውን ቀስ ብለው ከእናቶቹ እጅ ተቀበሉ።

«ለሰው ነበራ ያለቀሱት» አሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲያው አትሄዱም ማለት ነው» አሉኝ።

ኮታቸው ላይ አንዲት ጉድፍ አልነበረችም፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ያሉትን አልተረጎምኩም፤ እማማ ግን ትርጉም አልጠበቁም።

«እስቲ ምን ሠርታለች? ብለህ ጠይቅልኝ» አሉ።

ሽማግሌው ተቀመጡና የአገልግሎት ታሪኳን በወጉ ነገሩን። የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። ሥራዋ ጭነት ነው፤ ግን ወደብ ገብተው እንደሚያራግፉት መርከቦች አይደለችም። እሷ የምትላከው ወደብ ወደሌለበት ነው። ከዳርቻው ራቅ ብላ ትቆምና የተሸከመቻቸውን ጀልባዎች በክሬን እያነሣች ውሃው ላይ ታወርዳለች። ጀልባዎቹ ፊታቸው እንደ በር የሚከፈት ነው፤ መኪናውንም፣ ጥይቱንም፣ ዱቄቱንም፣ ድንኳኑንም ከሆዷ እየተቀበሉ አሸዋው ላይ ዘርግፈው ይመለሳሉ። ሽማግሌው ከእነዚያ ጀልባዎች የአንዷ ነጂ ነበሩ።

«እሷ ራሷ ዳር አትወጣም ማለት ነው?» አሉ እማማ።

«አትወጣም።»

«ልጆቿን ነዋ የምትልክ።»

ይህን ተረጎምኩላቸው። «እንደዚያ ብሎ የነገረኝ የለም፤ ግን ልክ እንደዚያ ነው» አሉ።

ኮርያ ላይ ክረምቱ የብረት መሰላሉን ከእጃቸው ጋር እንዳጣበቀው ነገሩን። አንዷ እናት «ኮርያማ የእኛም ወታደሮች ሄደዋል» አለች፤ ሽማግሌውም አዎ፣ ሰምቻለሁ ብለው አከበሯት። ከኮርያ በኋላ በሌላ የእስያ አገር ሕዝብ አገሩን ለቆ ይሰደድ ጀመር። መርከቧ ሂጂና አንሺ ተባለች። ለሰው የተሠራች አልነበረችም፤ አልጋ የላት፣ መስኮት የላት። እነሱ ጥይቱን አውጥተው፣ ሆዷን በሳሙና አጥበው፣ ብርድ ልብስ እየወጠሩ እንደ ክፍል ከፋፈሉት። ሽማግሌው በጀልባቸው ሲመላለሱ ዋሉ። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ድስት የታቀፈ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሁሉም ገባ። ባሕሩ መሀል ላይ አንዲት ሴት ምጥ መጣባት፤ እዚያው ወለደች።

አምስቱም እናቶች አንድ ላይ ወደ ፊት ሳብ አሉ።

«ምን አበሏት?» አሉ እማማ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን አሹ። «ሩዝ መሰለኝ። የታሸገ የኮክ ፍሬም ሰጥተናታል።»

«ኮክ? ለአራስ?» እማማ ወደኔ ዞሩ። «አጥሚት የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም ወይ በላቸው።»

ይህን ለመተርጎም ብዙ ለፋሁ፤ ጥያቄው ሲገባቸው ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። የቀረው ታሪኳ አጭር ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከባሕር ኃይል ወጡ። እሷን አሰናብተው አስተኟት፤ ለቬትናም ቀሰቀሷት፤ ያም ሲያበቃ መልሰው አስተኟት። እነሆ ይኸው ብዙ ዓመት ከሌሎች አሮጌ መርከቦች ጋር ተደርድራ ታስራለች፤ ቴክሳስ የሚጠብቃት ደግሞ ብረት ቆራጭ ነው።

እማማ የሹራቡን ከረጢት ብብታቸው ሥር አስተካከሉ። «አገልጋይ ናት፤ ያልተሳሳትነውን ተሳስተናል አትበሉ» አሉን። «ስንቁም ተሠርቷል፣ ቫኑም ተለምኗል። ተነሡ።»

ድልድዩን ተሻግረን በውሃው ዳር ያለውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ከሩቅ ታዩን። ግራጫ መርከቦች ጎን ለጎን ተጣብቀው በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። መጠጋት አይቻልም፤ ዳሩ ታጥሯል፣ ከአጥሩ ወዲያ ጭቃና ሸምበቆ፣ ከዚያ ወዲያ ሰፊ ውሃ ነው። ነፋሱ ነጠላ ይገፋል። ሽማግሌው አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። የምትታወቅበትን ምልክት ነገሩኝ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ የክሬን ምሰሶዎች የበዙባት፣ ቁጥሯም አፍንጫዋ ላይ ነው። ቁጥሩን ነገሩን። እናቶቹ በአጥሩ ተደርድረው ይፈልጉ ጀመር። እንግሊዝኛ የማያነበውም ቁጥር ያነባል።

«ሄዳ ቢሆንስ?» አሉኝ ሽማግሌው። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር፤ ባንዳንዱ ረድፍ መሀል ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ባዶ ቦታ ይታያል።

ያገኘቻት በአዛውንቶች መጦሪያ የምትሠራው፣ ከሁሉ ታናሿ እናት ናት። «ያቻት» አለች። «በወዲያ በኩል፣ ዳር ላይ። ቁጥሯ እሱ ነው።» ሁላችንም አየን። አለች። አልወሰዷትም።

ሽማግሌውን በትከሻቸው ይዤ ወደዚያው አዞርኳቸው፤ ክንዴን ዘርግቼም አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ግራጫ ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉ። «የቱ ውሃ፣ የቷ መርከብ እንደሆነ አላውቅም።»

ይህንም ተረጎምኩ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተን ፊት ለፊቷ ቆመው ሊያዩዋት አልቻሉም። እማማ መጡና በሌላው ጎናቸው ቆሙ።

«እኔ አይላቸዋለሁ፤ አንተ ብቻ እንዳትቀንስ» አሉኝ። «ዝጋለች በላቸው። ከአፍንጫዋ በታች እንደ እንባ መውረጃ ዝጎ ወርዷል። ወፎች ሰፍረውባታል። ምሰሶዎቿ ግን አንዱም አልጎበጠ። ከሌሎቹ ይልቅ ከውሃው ከፍ ብላለች።»

«ባዶ ስለሆነች ነው» አሉ ሽማግሌው። «ስትጫን እስከ አንገቷ ነበር የምትጠልቀው።»

«አሁን ዐርፋለች በላቸው። አርጅታለች እንጂ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በተጨፈነ ዓይን ከቅድሙ የተሻለ ያዩ መሰለኝ፤ ፊታቸው ተፈታ።

«አሁን ይጥሯት» አሉ እማማ።

«እንዴት?» አልኩ።

«ጮኸው ይጥሯታ። እኔ የልጆቼን አባት ከአጥር ወዲያና ወዲህ ሆነን ነው በጩኸት የምጠይቀው የነበረ። መቶ ሰው አንድ ላይ ይጮሃል፤ የራስ ሰው ድምፅ ግን አይጠፋም። ይጥሯት በላቸው።»

አልኳቸው። እኒህ እሑድ እሑድ ከወንበራቸው ድምፃቸው የማይሰማ ሰው አጥሩን ጨብጠው፣ ደረታቸውን ሞልተው ስሟን ጠሩ። ድምፃቸው የጀልባ ነጂ ድምፅ ነበር፤ ከሸምበቆው ውስጥ ወፎች ተነሡ። ከስሟ አስከትለው የራሳቸውን ስምና የድሮ ማዕረጋቸውን ተናገሩ፤ ተመልሼ መጥቻለሁ አሉ። እናቶቹም ስሟን እንደሆነላቸው እየጠሩ ደህና ነሽ ወይ አሏት። እኔም ጮህኩ። ለማን እንደምጮህ ግድ አልሰጠኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነፋሱ ብቻ ሲቀር እማማ ወደ ሽማግሌው ዘወር አሉ። «ምን አለችዎት?»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ተቀበሉት።

«ማንን ይዘህ መጣህ? አለችኝ» አሉ።

«እና ምን አሏት?»

ሽማግሌው በእንግሊዝኛ አንድ ቃል መለሱ። ቃሉ ሰዎቼን ሊባል ይችላል፣ ወገኖቼን ሊባል ይችላል። ሰው ያላለውን አልጨምርም ብያለሁ። ፊታቸውን አየሁና የመሰለኝን ወሰድኩ።

«ቤተሰቦቼን አልኳት ነው የሚሉት» አልኩ።

እማማ ሹራቡን ከከረጢቱ አውጥተው በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። ላርጅ ነው፤ ልካቸው ሆነ።

«ታዲያ ቤተሰብ ከሆንን እስካሁን ሳይበሉ ምን ያቆማቸዋል?» አሉ። «ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ይምጡ በላቸው።»